ዳኛው እንደ መሰለው ከወሰነ፣ ይግባኝ ሰሚው ምን ይጠይቅ?

የሕግ መጻሕፍታችንን ገለጥ ገለጥ ያደረገ ሰው አንዲት ሐረግ ደጋግሞ ያገኛል፤ «እንደ ነገሩ ሁኔታ»። ታናሽ እህቷ ደግሞ «ፍርድ ቤቱ መስሎ ከታየው» የምትለዋ ናት። ሕግ አውጪው ሁሉን ነገር አስቀድሞ ቆርጦ መወሰን እንደማይችል ሲገባው፣ ብዕሩን አኑሮ ጉዳዩን ለዳኛው ኅሊና የሚተውባቸው ቦታዎች ናቸው። ተከሳሹ በዋስ ይውጣ ወይስ ታስሮ ይከራከር? ቀጠሮው ይራዘም ወይስ ዛሬውኑ ይሰማ? ሕጉ «ከሦስት እስከ አሥር ዓመት» ካለ፣ ለዚህ ሰው አራት ይበቃዋል ወይስ ስምንት ይገባዋል? ሕጉ ዝም ይላል፤ ዳኛው ይመልሳል። የሕግ ሰዎች ይህን ሥልጣን «ፍቅደ ሥልጣን» ይሉታል። ባላገሩ በበኩሉ «ዳኛው እንደ መሰለው ፈረደ» ይላል፤ በዚህች አነጋገር ውስጥ አክብሮትም ስሞታም አብረው እንዳሉ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ከዚህ ዳኛ በላይ ሌላ ዳኛ አለ። ይግባኝ ሲባል መዝገቡ ወደ እርሱ ይወጣል። ለመሆኑ ይህ የበላይ ዳኛ ምን ብሎ ይጠይቅ? «እኔ በእርሱ ወንበር ብቀመጥ ኖሮ ምን እወስን ነበር?» ወይስ «እርሱ ይህን የወሰነው በምን ምክንያት ነው?» ሁለቱ ጥያቄዎች ሲሰሟቸው ተመሳሳይ ናቸው፤ ሲሠሩባቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያውን የሚጠይቅ የበላይ ዳኛ የታችኛውን ዳኛ ሥራ ከሥሩ ይጀምረዋል፤ ታች የተሰጠው ውሳኔም የመንገድ ላይ ማረፊያ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛውን የሚጠይቅ ግን የታችኛውን ዳኛ ምክንያት ይመዝናል። ምክንያቱ ከሕጉ ከተጣጣመ፣ እርሱ ራሱ ሌላ ይወስን የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ እጁን ይሰበስባል።

ይህ ሁለተኛው መንገድ በሌላው ዓለም ብዙ የተለፋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሀውስ የተባለ ሰው በቅጣቱ ላይ ያቀረበውን ይግባኝ ሲያይ፣ ዛሬም የእንግሊዝን ሕግ በተከተሉ አገሮች የሚጠቀስ መለኪያ አኖረ። ይግባኝ ሰሚው «እኔ ብሆን ሌላ እወስን ነበር» በማለት ብቻ ውሳኔ መለወጥ የለበትም፤ ስሕተት መታየት አለበት። ስሕተቱም ዳኛው የተሳሳተ መርሕ ተከትሎ፣ ወይም የማይገባ ነገር ቆጥሮ፣ ወይም የሚገባውን ዘሎ፣ ወይም ፍሬ ነገሩን አሳስቶ ሊሆን ይችላል። አልያም ውጤቱ ራሱ ከአእምሮ ውጭ ከመሆኑ የተነሣ ስሕተት እንዳለበት ይናገራል። እኛ ዘንድስ? የእኛ ታሪክ እንደሚመስለኝ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ረዥም ዘመን የኖረ ነው። ይባስ ብሎም ጥያቄውን የጠየቁት ሁልጊዜ ዳኞች አልነበሩም።

ወደ ኋላ መለስ እንበል። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ነገሩ ሲከብድም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደነበር የማያውቅ የለም። «ቁራኛ» ማለት ይኸው ነው። ዋስ የጠራ ይፈታል፤ ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር ተቆራኝቶ ይከርማል። ስለዚህ ዛሬ «የዋስትና መብት» የምንለው ነገር ከውጭ በመጣ ሕግ የተማርነው ብቻ አልነበረም፤ ዋሱም፣ ተያዡም፣ ቁራኛውም በቋንቋችን ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ሙግቱ ይጀመራል፤ በላ ልበልሃው፣ ተጠየቅ ልጠየቁ፣ በቅሎና ማር መወራረዱ። በፍርዱ ያልረካ «ይግባኝ» ይላል። ከአጥቢያ ዳኛ ወደ ገዢው፣ ከገዢው ወደ ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹ ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዙፋን ችሎት ይቆማል።

ለዚህ ጉዞ በቅርብ የነበሩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ የምናያቸው ሦስት ከተሞች ያሉበት አገር ሰዎች ናቸው፤ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሰበታ፣ በስተ ምዕራብ ቡራዩ፣ በስተ ሰሜን ሱሉልታ። የጎጃም ወይም የከፋ ተሟጋች ስንቁን ቋጥሮ ሳምንታት ሲጓዝ፣ የሱሉልታ ባላገር ማለዳ ተነሥቶ የእንጦጦን ዳገት ከወጣ በዚያው ቀን ከአፈ ንጉሥ ነሲቡ ደጅ መድረስ ይችል ነበር። አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር የሆኑት ናቸው። ለባላገሩ እንግዲህ የበላይ ዳኛ ሩቅ አልነበረም፤ ጭሱ የሚታይ ጎረቤት ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው የታችኛው ዳኛ ፍርድ ምን ያህል ክብደት እንደሚኖረው መገመት አያስቸግርም። ነገ ከበላዩ የሚሄዱበትን ዳኛ ዛሬ ማን ይፈራዋል?

በችሎቱ የነበረው ሥርዓት ግን ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ከንጉሡ ፊት የተሰበሰቡት ሹማምንት አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከታናሹ ጀምረው ወደ ታላቁ እየወጡ ነበር፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው። ብልሃቱ ግልጽ ነው። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ አፉን አይከፍትም። ይህን ሥርዓት ያበጁ ሰዎች የዳኛ ኅሊና በበላዩ ፊት እንዴት እንደሚኮማተር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ጉዳዩ ደረጃውን በወጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሟገቱበታል፤ የታችኛው ዳኛ ምክንያት በጽሑፍ ሰፍሮ የሚመዘንበት ልማድ ጠንካራ አልነበረም። ንጉሡም የፍትሕ ምንጭ ነውና ለመለወጥ የታችኛውን ስሕተት መፈለግ አያስፈልገውም። ሊምርም፣ ሊያከብድም ይችላል። የምሕረትና የይግባኝ ሥልጣን በአንድ እጅ ከተያዙ «የት ላይ ተሳሳተ?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶቹን በደረጃ አቆማቸው። ከዚያ ሕጎቹ ተከታተሉ፤ በ1949 ዓ.ም. የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። ከእነዚህ ውስጥ ለነገራችን የሚቀርበው የ1954ቱ ነው። እስከ ዛሬም ብዙው ክፍሉ ይሠራበታል።

ይህ ሕግ የታችኛውን ዳኛ በሁለት መንገድ ይይዘዋል። በአንድ በኩል ይጠብቀዋል። በአንቀጽ 184 መሠረት ዳኛው ቀጠሮ ፈቀደ ወይም ከለከለ፣ ማስረጃ ተቀበለ ወይም አልቀበልም አለ ተብሎ ሙግቱ ሳያልቅ በመሐል ይግባኝ አይባልም። እንዲህ ያለው ቅሬታ ዋናው ፍርድ ሲሰጥ ከእርሱ ጋር ይታያል። ይህ ባይሆን ኖሮ አንድ የስርቆት ክስ ዐሥር ጊዜ ወጥቶ ዐሥር ጊዜ ይወርድ ነበር። በሌላ በኩል ለበላዩ ዳኛ ሰፊ በር ይከፍታል። ይግባኝ ሰሚው ጣልቃ የሚገባበት በቂ ምክንያት ካላየ ይግባኙን ይሰርዛል፤ ካየ ቅጣቱን ያቀላል ወይም ያከብዳል። «በቂ ምክንያት» ምንድን ነው? ሕጉ አላብራራውም፤ ያም እንደገና ለዳኛ ተተወ። በ1954 ዓ.ም. ዘውዱም ከሕጉ አልወጣም ነበር። አንቀጽ 183 የይግባኝ መብቱን የጨረሰ ሰው ለንጉሠ ነገሥቱ ችሎት አቤት እንዳይል አልከለከለውም። አዲሱ ሕግ በአሮጌው ደጅ ላይ ተሠራ ማለት ይቻላል። ችሎቱ የተዘጋው ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ ጋር ነው።

የዋስትናው ነገር ለብቻው መታየት አለበት። አንቀጽ 67 ዳኛው ዋስትና የሚከለክልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሰውዬው ግዴታውን አክብሮ የማይቀርብ ከመሰለ፣ ከተፈታ ሌላ ወንጀል ሊሠራ ይችላል ከተባለ፣ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል ከተባለ። ሦስቱም ስለ ነገ የሚደረጉ ግምቶች ናቸው። ስለ ትናንት የሚመሰክር ይገኛል፤ ስለ ነገ ግን ማን ይመሰክራል? ስለዚህ እዚህ ላይ ዳኛው ከምንጊዜውም ይልቅ በራሱ ሚዛን ላይ ይቆማል። ዋስትና የተከለከለው ሰው በአንቀጽ 75 መሠረት በ20 ቀን ውስጥ ወደ ይግባኝ ሰሚው ማመልከት ይችላል። ዋስትና በተፈቀደ ጊዜ ከሳሹ ወገን ይግባኝ ይበል አይበል ግን አንቀጹ አንድም ቃል አይናገርም። በተግባር ይላል፤ የበላዩ ችሎትም አፈጻጸሙን ያግዳል። በቅርብ ዓመታት በጋዜጠኞችና በፖለቲከኞች ጉዳይ ላይ ደጋግመን ያየነው ይህንን ነው። ከታች «ይውጣ» ይባላል፤ ዋስ ይቀርባል፣ ገንዘብ ይከፈላል፤ ከላይ «ይቆይ» የምትል ወረቀት ትመጣለች። የሚገርመው በእግዱ ቀን የበላዩ ዳኛ የታችኛውን ምክንያት ገና አለመመርመሩ ነው። ለተያዘው ሰው ግን እግዱ ራሱ ፍርድ ነው።

አሁን የዚህን ሁሉ መፈተኛ ወደ ሆነው ጉዳይ እንምጣ። 1993 ዓ.ም. ነው። ገዢው ፓርቲ ለሁለት የተከፈለበት ዓመት፤ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስየ አብርሃም ከተሸናፊዎቹ ወገን ነበሩ። በግንቦት ወር የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 236/1993 ወጣ፤ አቶ ስየም በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸው በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ደረሰ። ወጣቷ ዳኛ የቀረበላቸውን መዝነው በዋስ እንዲወጡ ወሰኑ። ይህ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ፍቅደ ሥልጣን ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸውን ግምቶች በሚዛን አስቀምጦ ወደ አንዱ ማዘንበል።

መንግሥት በዚህ ውሳኔ አልተደሰተም፤ ያለመደሰት መብቱ ነው። ዳኛዋ ተሳስተዋል ብሎ ቢያምን ከላይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አለ፣ ከዚያም በላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። ሆኖም ምን ሆነ? አቶ ስየ ከችሎቱ ወጥተው ብዙም ሳይራመዱ እንደገና ተያዙ። ቀናት ሳይቆጠሩ በሰኔ ወር ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና አይፈቀድለትም ተባለ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የአንዲት ዳኛ የሚዛን ውሳኔ ተመርምሮ ስሕተቱ አልተነገረም፤ ሚዛኑ ራሱ ከሁሉም ዳኛ እጅ ተወሰደ። ሕግ አውጪው «እኔ ብሆን ሌላ እወስን ነበር» አለና ያንኑ ሕግ አደረገው። አዋጁን የደገፉ ሰዎች ሙስና አገር ያጠፋል፣ ባለ ሥልጣን ማስረጃ የማጥፋት አቅም አለው ይሉ ነበር። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ግን ይህ በትክክል በአንቀጽ 67 የተጻፈው፣ ለዳኛዋም ሊቀርብ የሚገባው ክርክር ነው። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 434 ክልከላውን ከዐሥር ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ላይ ወሰነው፤ የቀድሞው አዋጅ ከልክ ያለፈ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አላውቅም። አቶ ስየ እስከ 1999 ዓ.ም. ስድስት ዓመት ያህል ታስረው ቆዩ። ወይዘሪት ብርቱካን ከዳኝነቱ ወጥተው ወደ ፖለቲካ ገቡ፣ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ለቀቁ። ያንን ውሳኔ በይግባኝ መዝነው «ልክ ነሽ» ወይም «ተሳስተሻል» ያሏቸው ዳኞች ቢኖሩ ኖሮ ለተከታዮቹ ዳኞች አንድ መለኪያ ይቀርላቸው ነበር። የቀረላቸው ፍርሃት ነው።

ስለ ቅጣት ጥቂት ልበልና ልለፍ። በዚያም በኩል የዳኛው ሚዛን ጠብቧል፤ መንገዱ ግን የጨዋ ነበር። ለተመሳሳይ ጥፋት እዚህ ሁለት ዓመት፣ እዚያ ሰባት ዓመት እየተፈረደ ሰው ሲያማርር፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ። መመሪያ ቁጥር 1 በ2002 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ቁጥር 2 ተተካ። ቅጣቱ በእርከን ተሰፈረ፤ ከመመሪያው ወጣ የሚል ዳኛም ምክንያቱን ይጽፋል። አንዳንድ ዳኞች «የሒሳብ ሠራተኛ አደረጋችሁን» ብለው ማጉረምረማቸው እውነት ነው፤ የሚያጉረመርሙትም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ቢሆንም ይግባኝ ሰሚው አሁን የሚመረምረው የተጻፈ ነገር አገኘ። የትኛው እርከን፣ ስንት ማቅለያ፣ ስንት ማክበጃ ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ወደ ሦስቱ ከተሞቻችን እንመለስ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በኦሮሚያ ክልል ናቸው፤ በ2000 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ የተቋቋመው ልዩ ዞን አካል ሆኑ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ ገቡ። የፍርድ ቤቱ ነገር እዚህ ላይ ይጠማዘዛል። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ከወሰኑ ወዲህ ሌላው ወዲያ፣ በአንድ ዓይነት ጥፋት ቢያዙ ሁለት መሰላል ይጠብቃቸዋል። የአዲስ አበባው ከፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወደ ከፍተኛው ይወጣል፤ ሙግቱም በአማርኛ ነው። የቡራዩው ከወረዳ ፍርድ ቤት ጀምሮ ወደ ኦሮሚያ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ሙግቱ በኦሮምኛ ነው። ሁለቱም ዳኞች የሚያነቡት ያንኑ የ1954 ዓ.ም. አንቀጽ 67 ነው። በአንድ ሕግ፣ በሁለት መሰላል፣ ሁለት ሚዛን ሊወጣ ይችላል።

ሁለቱ መሰላሎች የሚገናኙት ጫፉ ላይ፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 ይህ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ እንዲያርም ሥልጣን ሰጥቶታል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 454 ደግሞ ችሎቱ ለሕግ የሚሰጠውን ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ አደረገው። የክልሉ መዝገብ ለዚህ ችሎት ሲደርስ ወደ አማርኛ ይተረጎማል። አስቡት፤ የታችኛው ዳኛ ሰውዬውን አይቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ በራሱ ቋንቋ አዳምጦ «ይህ ሰው አይጠፋም» ብሎ የመዘነው ነገር በትርጉም ወረቀት ላይ ስንት መስመር ይሆናል? ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ነው። ዋስትናው ሲከለከልም «ቢወጣ ይጠፋል ተብሎ ስለሚገመት» የምትል አንድ መስመር። ለምን እንደተገመተ፣ ሰውዬው ቤት ይኑረው ልጅ፣ ከዚህ በፊት ተጠርቶ ቀርቶ ይወቅ አይወቅ አልተጻፈም። ምክንያት ያልተጻፈበትን ውሳኔ የበላዩ ዳኛ መመዘን ስለማይችል ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመለሳል፤ «እኔ ብሆንስ?»። ስለዚህ የታችኛው ዳኛ ሥልጣኑ እንዲከበርለት ከፈለገ መከላከያው ብዕሩ ነው።

ብዕሩም የማይበቃበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ታስረው የነበሩ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር አመራሮችን ጎብኝቶ፣ ፍርድ ቤት እንዲፈቱ ትእዛዝ ከሰጠ በኋላም ታስረው መቆየታቸውን በይፋ ገለጸ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲሉ በቅሎዋን ንቀው አልነበረም፤ ይግባኝ የሚባለው በፍርድ በሄደችው ላይ ብቻ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ኮሚሽኑ ከተናገረ በኋላም ጊዜው ነጎደ። አብዛኞቹ የተፈቱት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ከቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያለው መንገድ የሱሉልታው ባላገር በእንጦጦ ዳገት ይጓዘው ከነበረው አይረዝምም፤ ዛሬ በታክሲ የሚኬድ ነው።